አምስተኛው ዳዶ

ዛሬ ከደብረ ብርሃን ስመለስ ጎማ ተነፈሰብኝ። አራቱ ዳዶዎች ተፈቱልኝ፤ አምስተኛው ዝጎ ንቅንቅ አልል አለኝ። 60 ኪሎዬን ሙሉ መፍቻው ላይ ጣልኩት። ወይ ፍንክች!

አንድ የሲኖ ትራክ ሹፌር አይቶኝ ቆመ። "አይዞሽ እህቴ" አለና ረዘም ያለ የብረት ቱቦ አውጥቶ መፍቻው እጀታ ላይ አጠለቀው። ጫፉን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ታች ተጫነ። ዳዶው ሲጥጥ አለና ዞረ።

ቶርክ የሚባለው ይሄው ነው፤ ኃይል ሲባዛ ከመሽከርከሪያው መሃል ባለው ርቀት። 60 ኪሎ ወደ 600 ኒውተን ይጠጋል። በ30 ሳንቲ ሜትር መፍቻ 180 ኒውተን ሜትር ነው። ጫፉ አንድ ሜትር ሲርቅ ግን ያው ክብደት 600 ኒውተን ሜትር ይሰጣል! ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ጉልበት። እጀታው አግድም ሲሆን ነው ደግሞ ሙሉው የሚሠራው፤ ካዘነበለ ይቀንሳል።

እባካችሁ፣ መኪናውን በክሪክ ከማንሳታችሁ በፊት ዳዶውን አላሉት። መሬት ያልነካ ጎማ አብሮ ይዞራል። ስታጠብቁ ግን ቱቦ አትጠቀሙ፤ ብሎኑ ሊበጠስ ይችላል።

ወንድሜ፣ ስምህን እንኳን ሳልጠይቅህ ሄድክ። እግዜር ይስጥህ።