እኔ ወደቅኩ፣ እንቁላሉ ተረፈ

ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ «ተጎዳህ እንዴ?» የሚባለው የወደቀው ነው አይደል? እኔ ስወድቅ ግን መጀመሪያ የታዩት እንቁላሎቹ ናቸው። ሴትዮዋ ፌስታሉን ከፈት አድርገው አዩ፣ አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረጓቸው፣ ደህና መሆናቸውን ሲያረጋግጡ ፊታቸው በራ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ ዞር ያሉት። ያውም መሬት ላይ ምን እንደምሠራ የገረማቸው ይመስሉ ነበር።

ቦታው ቤጂንግ፣ ቲያንታን ፓርክ ነው። እዚህ የምትማሩ ታውቁታላችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት በሩ ሲከፈት ጡረተኛው ግር ብሎ ይገባል። አንዱ ወደ ኋላ ይራመዳል፣ አንዱ ጀርባውን ከዛፍ ጋር ያጋጫል። እኛ ታይ ቺ፣ ያንን በዝግታ የሚሠራውን የቻይና ማርሻል አርት፣ የምንሠራው ከጥዶቹ ሥር ነን። ጎናችን ደግሞ እናቶች በሞንታርቦ ዘፈን ከፍተው ይጨፍራሉ። «ውስጥህን ጸጥ አድርግ» እየተባልኩ ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ። ስለ ሞንታርቦው ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፣ ሆዴ ሞልቷል።

ሰነፍ ተማሪ እንዳልመስላችሁ። በፈረንጆቹ 1956 የቻይና ስፖርት ኮሚሽን ለሕዝቡ ብሎ ያሳጠረውን ባለ 24 እንቅስቃሴውን በቃሌ ይዤዋለሁ። የዱር ፈረሱን ጋማ እከፍላለሁ፣ እንደ ነጭ ሽመላዋ ክንፌን እዘረጋለሁ፣ እንደ ወርቃማው አውራ ዶሮ በአንድ እግሬ እቆማለሁ። ብቻዬን እስከሆንኩ ድረስ የሚጥለኝ የለም።

ጣጣው ቱይሾው ላይ ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ አንጓ ለአንጓ ተነካክቶ እጁን ያዞራል። ትግል አይደለም። የሰውየውን ጉልበት በቆዳህ ታዳምጣለህ፣ ሲመጣብህ ታሳልፈዋለህ፣ ሲደርቅ ትጠቀምበታለህ። በአፍ ሲነገር እንዴት ይቀላል! ያን ቀን አጋር ሳጣ ላውሺ፣ ማለትም መምህሬ፣ ዙሪያቸውን ቃኙና፣ ከገበያ ሲመለሱ ቆመው የሚያዩንን አንዲት ናይናይ (አያት) ጠሩልኝ።

ሰባ ካለፋቸው ቆይቷል። ቁመታቸው እስከ ደረቴ ነው። ፌስታሉን መሬት ያስቀምጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላስቀመጡም። በግራ እጃቸው እንቁላሉን፣ በቀኛቸው እኔን ያዙ።

መጀመሪያ ፈራሁ። ብጥላቸው ቪዛዬ ምን ይሆናል ብዬ። ቀስ ብዬ ነካ አደረግኳቸው። ፈገግ አሉ። ትንሽ ጨመርኩ። አሁንም ፈገግ። ከዚያ እልህ ያዘኝና ትከሻዬን አጠንክሬ ስገፋ፣ እጄ ሥር የነበሩት ሴትዮ ጠፉ። ሰው ሊያሳልፍ በር እንደሚከፍት ወገባቸውን ዞር አደረጉ፣ በቃ። እኔ ግን ጉዞዬን ቀጠልኩ። እሳቸውን አለፍኩ፣ የአንድ ሽማግሌ ቴርሞስ አለፍኩ፣ ጥዱ ሥር በግንባሬ ተዘረርኩ። የሚያናድደው ገፉኝ ብዬ መክሰስ እንኳን አለመቻሌ ነው። አልገፉኝማ! የወደቅኩት በራሴ ወጪ ነው።

እንቁላሎቹ ግን ከአእምሮዬ አልወጡም። ፌስታሏ እኮ ያቺ ስስ፣ ሲነኳት የምትንኮሻኮሸው ናት። ድምፅ አላሰማችም! ዩኔስኮ በ2020 ታይ ቺን የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል፤ ያቺን ፌስታል ግን ረስቷታል። ተረቱ ዣንግ ሳንፌንግ የሚባል የዳኦ ባሕታዊ ዉዳንግ ተራራ ላይ እባብና ወፍ ሲጣሉ አይቶ፣ እባቡ እየተጣጠፈ ሲያመልጥ ይህን ጥበብ ቀሰመ ይላል። ታሪክ አጥኚዎች ደግሞ የለም፣ መነሻው ሄናን ያለው የቼን ቤተሰብ መንደር ነው ይላሉ። የሆነው ይሁን። ለሌላው እባብ ተላከለት፣ ለእኔ የደረሰኝ የቁርስ እንቁላል ነው።

ላውሺ አቧራዬን እያራገፉ ከጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ከላኦዙ መጽሐፍ 76ኛውን ምዕራፍ ጠቀሱልኝ። ሰው ሲወለድ ለስላሳ ነው፣ ሲሞት ይደርቃል፤ ደረቅ የሞት ጓደኛ፣ ለስላሳ የሕይወት ጓደኛ ነው የሚለውን። በጨዋ ደንብ ሬሳ ነህ ማለታቸው እኮ ነው! ከ2000 ዓመት በላይ ባስቆጠረ ጽሑፍ ስሰደብ የመጀመሪያዬ ነው። ቀጥለው ያቺን የለመዷትን «ፋንግሶንግ! ዘና በል!» ጨመሩልኝ። ዘና በል ተብሎ ዘና ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከአዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ የመጣሁ ሰው ነኝ። ትከሻዬ የደረቀው እዚያ ነው። ሚኒባስ በር ላይ ለስላሳ ሰው ይቀራል። ላኦዙ በሥራ መውጫ ሰዓት ሜክሲኮ ቆሞ ታክሲ ቢጠብቅ ኖሮ ያንን ምዕራፍ ያሻሽለው ነበር።

ቤተሰብም አላገዘኝም። እማዬ በቪዲዮ ስትደውል የቁም ልምምዱ ላይ ነበርኩ። ጉልበት ሰበር፣ ክንድ ክብ፣ ዛፍ እንዳቀፉ ሆኖ መቆም ነው።

«ልጄ፣ ማንን ነው ያቀፍከው?»

«ማንንም፣ እማዬ።»

ዝም አለች። ማታ እህቴ ደወለችና፣ እማዬ ወደ ቻይና ጠበል የሚያደርስላት መንገደኛ እያፈላለገች ነው አለችኝ።

ለካ የቴርሞሱ ባለቤት አወዳደቄን ቀርጾታል። ዊቻት ግሩፓቸው ላይ ለቀቀው። አሁን የማላውቀው ሽማግሌ ሁሉ አውራ ጣቱን ያነሳልኛል። አንዷ እናትማ የሞንታርቦውን ዘፈን ቀንሰው አወዳደቄን በተግባር አሳይተውኛል፣ በጣም ይመሳሰላል።

ላውሺም ቪዲዮውን ደጋግመው ሳያዩት አልቀሩም። ትናንት ለብቻዬ ጠሩኝ። ሻይ ቀዱልኝ፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ «ኢትዮጵያዊ ነህ አይደል? በምሥራቁ በር በኩል አንድ የሩጫ ቡድን አለ፣ የኃላፊውን ስልክ ልስጥህ?» አሉኝ።