አደይ እና 55 ሲሲ

እሁድ ማታ ነው። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤያለሁ፤ አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ባለቤቴ ራት ስታቀርብ ከሰሃኔ አጠገብ ሹካ አኖረች። ለእንጀራ! ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ የዛሬውን ልጻፈው።

አደይ በረረች። በትክክል በረረች ማለቴ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት የሆነውን መብረር ልለው አልደፍርም።

አደይ በሪሞት የምትበር ትንሽ አውሮፕላን ናት፤ ፓይፐር ጄ 3 ካብ የሚባለው አውሮፕላን ሞዴል። እውነተኛዋ ካብ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሎክ ሄቨን በምትባል ከተማ ነበር የምትሠራው። ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1947 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ተሠርተዋል። ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ሞተሯ 65 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ቀለሟ ቢጫ ነው። ካብ ማለት የድብ ግልገል ስለሆነ ጭራዋ ላይ የግልገሉ ሥዕል አለ። የኔዋ የእሷ ሲሶ ናት። ሲሶ ሲባል ትንሽ ይመስላል እንጂ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ከ58 ነው። ክብደቷ 14 ኪሎ። ክንፏን ሳሎን ውስጥ የገጣጠምኩ ቀን ወደ ኩሽና ለማለፍ ሁላችንም ማጎንበስ ነበረብን።

ስሟን ያወጣችላት ልጄ ናት። አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት ወስጃት ነበር። ቢጫውን ጨርቅ ስዘረጋ አየችና «አባዬ፣ ይሄ እኮ ያ አበባ ነው» አለች። የድቡ ሥዕል ቀርቶ ጭራዋ ላይ በአማርኛ «አደይ» ተጻፈ። የ«ደ» እግሮች ትንሽ ተጣመዋል። አላስተካከልኳቸውም።

ያደግሁት ደብረ ዘይት ነው፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ። አየር ኃይሉ እዚያ ስለነበር ለሰፈራችን ልጆች አውሮፕላን ከወፍ ተለይቶ አይታይም ነበር። የራሳችንንም እንሠራ ነበር፣ ከበቆሎ አገዳ። ልጡን ትልጥና ውስጡን ያንን ነጭ ለስላሳ ነገር ታወጣለህ። እሱ አካልና ክንፍ ይሆናል፤ ልጡ ደግሞ እንደ ሚስማር ያያይዘዋል። ካብ የሠራሁበት እንጨት ባልሳ ይባላል፣ አብዛኛው ከኢኳዶር ነው የሚመጣው። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ 1000 ኪሎ ሲመዝን፣ ባልሳ 160 ኪሎ ገደማ ነው። ሳጥኑን ከፍቼ የመጀመሪያውን ጣውላ ሳነሳ እጄ ወዲያው አወቀው። አገዳ ነው! ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ እንጨት አሸተትኩ።

አንድ ጓደኛዬ «ለምን ፀሐይን አትሠራም?» ብሎኝ ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራትን አውሮፕላን ማለቱ ነው። ጣልያን ወስዷት ኖሮ በ2024 ጥር ላይ ተመልሳለች። አስቤበታለሁ፣ ዋሽቼ አልክድም። ግን የምተማመንበት ፕላን እጄ ላይ የለም። በግምት ደግሞ ክንፍ አይሠራም። ለጊዜው ካብ ትብቃኝ።

ግንባታው ሃያ ወር ፈጀ። ስለሱ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። የብርጭቆ ወረቀት፣ ኮላ፣ እንደገና የብርጭቆ ወረቀት። ቢጫው ጨርቅ በሙቀት ስለሚወጠር የባለቤቴን ካውያ ተዋስኩ። አዲስ ካውያ ገዝቼላታለሁ፤ ጉዳዩ ተዘግቷል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የኔ ልብ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። አንድ ሲሊንደር፣ 55 ሲሲ፣ ቱ ስትሮክ። ጉልበቱ 5.5 የፈረስ ጉልበት ነው። አገር ቤት ሽንኩርት የሚያጠጡበት ትንሹ የውሃ መሳቢያ እኮ ጉልበቱ ተመሳሳይ ነው፤ ሲሲው ግን 160 ገደማ ነው። ይሄኛው በሲሶው ያንኑ ያወጣል። ክብደቱ ኪሎ ተኩል ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል። የሚጠጣው ተራ ቤንዚን ነው፣ ዘይት የተቀላቀለበት፤ 32 እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት። ጭሱ የድሮ ቬስፓን ያስታውሳል። እዚህ አሜሪካ ቤንዚንን ጋዝ ነው የሚሉት። እናቴ በስልክ «የጋዝ ሞተር» ስላት ላምባ መስሏት «ክብሪት እንዳታስጠጋበት» ብላ መከረችኝ። ምክሩ ለማንኛውም ልክ ነው።

ፕሮፔለሩ እንጨት ነው፤ 23 በ8 ይባላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 23 ኢንች፣ ማለትም 58 ሳንቲ ሜትር። 8 ደግሞ አንዴ ሲዞር አየሩን ቆርጦ ወደፊት መሄድ ያለበት ኢንች ነው። በደቂቃ 7000 ጊዜ ሲሽከረከር ጫፉ በሰዓት 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። አስልቼ ሳየው ሁለት ቀን ሞተሩን ለመንካት ፈርቻለሁ። ስለዚህ ሥርዓት አለው። ጭራዋ ከግንድ ይታሰራል። ወፍራም የቆዳ ጓንት ይደረጋል። ከፊትም ከጎንም ማንም አይቆምም። ካንዴላው ብልጭታውን የሚያገኘው ከባትሪ ስለሆነ ማጥፊያው ለብቻው ነው፤ እጅ ከመግባቱ በፊት ይዘጋል። ከዚያ ቾኩን፣ ማለትም የአየር መግቢያውን መዝጊያ፣ ዘግተህ ፕሮፔለሩን በእጅህ ትመታለህ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ድንገት «ጷ!» ይልና ዝም ይላል። ቾኩን ትከፍታለህ። ትመታለህ። እና ይነሳል። ያ የመጀመሪያው ቀን! ልጄ ጆሮዋን ይዛ ስትዘል ይታየኛል።

ቤቴ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ማብረር አይሞከርም፤ ከዋሽንግተኑ ሬገን ኤርፖርት ዙሪያ 15 ማይል ያለ ልዩ ፈቃድ ለሞዴልም ለድሮንም ዝግ ነው። ስለዚህ ክንፏን ፈትቼ፣ ቫኗ ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ወደ ፍሬድሪክ አቅጣጫ ከአንድ ሰዓት በላይ እነዳለሁ። እዚያ የሣር ሜዳ አለ። የመንግሥት ምዝገባ ቁጥሯም ላይዋ ላይ ተጽፏል፤ ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሁሉ ይመዘገባል። አደይ 14 ኪሎ ናት፤ አትደበቅም።

ሜዳው ላይ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሰማንያን የተሻገሩ ናቸው። በልቤ ጋሼ ነው የምላቸው፣ በአፌ ግን እንደ አገሩ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ሁሌም ይከብደኛል። እሳቸው ናቸው የዛሬ ሁለት ሳምንት «አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አንሳና ፉል ስጣት፣ አሥር ቁጠር» ያሉኝ። ሞተሩ መሬት ላይ እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር። ሚኒሞው የተረጋጋ፣ ሲሰጠው ወዲያው የሚቀበል። ሰው ይመለከታል፣ ነፋሱ ሊነሳ ነው፣ ቸኩያለሁ። 14 ኪሎ ከሚያገሳ ሞተር ጋር ማንሳት ደግሞ ቀልድ አይደለም። «አያስፈልግም፣ ደህና ነው» አልኳቸው። ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ሃያ እርምጃ ያህል ሮጣ ተነሳች። ልብ የሚሰርቅ ነበር። ስልሳ ሜትር ገደማ ስትደርስ ድምፁ ቀጠነ። አንድ ዓይነት ጩኸት አወጣ። ከዚያ ጸጥ።

የሞተር ድምፅ ሲቋረጥ ሰማዩ ራሱ ዝም የሚል ይመስላል። ማንም ቃል አልተናገረም። ካብ ደግ ናት፤ ክንፏ ትልቅ ስለሆነ ያለ ሞተርም ትንሳፈፋለች። አፍንጫዋን ዝቅ አድርጌ ፍጥነቷን ጠበቅሁ። ሜዳው ላይ አልደረሰችም፤ አጥሩን አልፋ ረጅም ሣር ውስጥ ገባች። ፕሮፔለሩ ተሰበረ፣ አንዱ የጎማ እግር ተጣመመ። ሌላው ተርፏል። ሽማግሌው አብረውኝ ሊያነሷት መጡ። «አላልኩህም» አላሉም። ቢሉኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንቶች ካርቡሬተሩን ስሳደብ አሳለፍኩ። ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ መኪናው አልነሳ ሲለው ጎማው ቢፈነዳ እንኳ ካርቡሬተሩን ነበር የሚጠረጥረው። ካንዴላ ቀየርኩ። ትንሿን ወንፊት አጠብኩ። ነዳጁን የሚመጥኑትን ሁለት ብሎኖች፣ የዝቅተኛውንና የከፍተኛውን ፍጥነት፣ ሩብ ዙር ወዲህ፣ ሩብ ዙር ወዲያ። ከሥራ እየገባሁ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ። መሬት ላይ ሁሌም ደህና ነው። ልታብድ ትችላለህ።

ዓርብ ማታ ተስፋ ቆርጬ የነዳጅ ታንከሩን ከፈትኩት። ውስጡ አንዲት ጣት የምታህል ቱቦ አለች። ከፊት ካለው የነሐስ ቧንቧ ተነስታ፣ ጫፏ ላይ ከባድ ነገር ታስሮላት፣ ነዳጁ ወደሄደበት ትከተላለች። አፍንጫ ሲነሳ ነዳጁ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እሷም ወደ ኋላ። ያገኘኋት ቱቦ ውሃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ መስላለች። አብጣ፣ ለስልሳ፣ ከቧንቧው ወልቃ ታችኛው ጥግ ላይ ተኝታለች።

ነገሩ ያኔ በራልኝ። ቱቦዋ ሲሊኮን ናት። ከድሮዋ ትንሿ አውሮፕላኔ የተረፈች ናት። ያቺ የምትሠራው በሜታኖል ነበር፤ ሜታኖል ሲሊኮንን አይነካም። ቤንዚን ግን ያሳብጠዋል። ለቤንዚን የተሠራው ቢጫ ቱቦ ሌላ ነው፤ የታንከሩ ክዳን ጎማም እንደዚሁ። ማወቅስ አውቅ ነበር። ያን ቀን እጄ ላይ የነበረችው እሷ ስለነበረች «ለጊዜው» ብዬ አስገባኋት፣ ከዚያ ረሳኋት። ታንከሩ ሞልቶ አውሮፕላኗ ስትተኛ ነዳጁ ቧንቧውን ይሸፍነዋል፤ ሞተሩ ይጠጣል። አፍንጫዋ ሲነሳ ቧንቧው አየር ይስባል። መሬት ላይ አሥር ብቆጥር ኖሮ ስድስት ላይ ሳልደርስ ይጠፋ ነበር።

ቱቦው ጥቂት ዶላር ነው። ፕሮፔለሩን አትጠይቁኝ።

ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይጠይቀኝ አፍንጫዋን አነሳሁ። አንድ ጓደኛዬ ከኋላ፣ እኔ ከክንፉ ሥር፣ ሽማግሌው ሪሞቱን ይዘው። ጮክ ብለው ቆጠሩ። አሥር ላይ አላቆሙም፤ እስከ ሃያ ሄዱ። ሆን ብለው ነው። ክንዴ ሲንቀጠቀጥ እያዩ ነበር።

ስምንት ደቂቃ በረረች። ምንም የተለየ ነገር አላደረግሁም። ሜዳውን ዞርኩ፣ ዝቅ አድርጌ አሳለፍኳት፣ እንደገና ዞርኩ። ፀሐይ ከኋላዋ ስትመጣ ጨርቁ ውስጥ የሠራኋቸው የክንፍ አጥንቶች አንድ በአንድ ታዩ። አወራረዷ ሁለት ጊዜ ነጥሮ ነው። ልጄ «ሦስት» ትላለች።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ቪዲዮውን ላክሁላት። ጎረቤት ልጅ ከፍቶላት አየች።

«ደህና ነው፣ ቆንጆ ነው» አለች። «እና ማን ይሳፈርበታል?»

«ማንም አይሳፈርበትም እማ።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ትንሽ ዝም አለች። ሃያ ወር እንደፈጀ አልነገርኳትም። ቪዲዮውን እንደገና ከፈተችው መሰለኝ፣ ድምፁ በስልኩ ይሰማኛል።

«ልጄ» አለች፣ «ይሄ እኮ የነአቶ እገሌ ውሃ መሳቢያ ነው።»