ቶጎ ወይስ ባልቶ

እኔ የምሠራበት ግቢ ውስጥ አንድ የሞተ ውሻ ለወራት ቀለብ በልቷል። በመዝገብ ማለቴ ነው። ኦዲተሮች መጥተው «የጥበቃ ውሻ 1» በየሳምንቱ ሳንባና አጥንት እየተገዛለት መሆኑን አዩና «እስቲ ውሻውን አሳዩን» አሉ። ውሻው አጥሩ ጥግ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀብሯል። ሳንባውን ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አልተጣራም፤ ለሁላችንም የማሳሰቢያ ደብዳቤ ተበትኖ ታለፈ። ከዚያ ወዲህ ግን ፋይናንስ ስም ለሌለው ውሻ ቀለብ አላወራርድም አለ። ስም፣ ፆታ፣ ቀለም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ። እንደ ቋሚ ንብረት መለያ ቁጥር ይለጠፍበት ያለም ነበር፤ የቱ ጋ እንደሚለጠፍ መስማማት አቃታቸውና ቀረ።

አዲሱ ቡችላ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቡናማ፣ አንዱ ጆሮው የቆመ፣ አንዱ ገና ያልቆመ። በምክትል ሥራ አስኪያጁ መኪና ነው የመጣው፤ እናቱ ጀርመን ሼፐርድ ናት ተባለ። አባቱን የጠየቀ የለም።

ድሮ ቢሆን ዘበኞቹ «ቡቺ» ወይ «ቦቢ» ብለው ይገላገሉ ነበር። ምክትሉ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም። «ድርጅት ነን እኮ! ስሙ ታሪክ ያለው ይሁን እንጂ። ወይ ከታዋቂ ውሻ፣ ወይ ከታዋቂ ሰው» አለና ዓርብ ከምሳ በኋላ መጋዘኑ ቢሮ ሰበሰበን። ለጥበቃዎቹ የዝናብ ልብስ ይገዛ ብለን የጻፍነው ደብዳቤ መልስ ካጣ ክረምት አልፎበታል፤ የውሻ ስም ግን አጀንዳ ተይዞለት ሻይ ታዘዘለት። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ቀደመች። «ሉሉ ይባል። የጃንሆይ ውሻ ስም ነው። ከዚህ የበለጠ ታሪክ ከየት ይመጣል?»

የጥበቃ ኃላፊያችን የድሮ ወታደር ናቸው፤ ሁላችንም አሥር አለቃ ነው የምንላቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ያቺ እኮ እቅፍ ውስጥ የምትገባ ቺዋዋ ናት» አሉ። «ሌሊት በአጥር የዘለለ ሌባ ‹ሉሉ! ሉሉ!› ብዬ ስጮህ ቢሰማ፣ ሊያባብለኝ ነው የሚመጣው።»

ቀጥሎ ኤሌክትሪሻናችን ተነሡ። ጋሼ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተልከው የተማሩ ሰው ናቸው፤ የማንኛውም ጉዳይ መነሻ ለሳቸው እዚያ ነው። «ላይካ» አሉ። ከሞስኮ ጎዳና የተለቀመች ባለቤት የሌላት ውሻ እ.ኤ.አ. በ1957 በስፑትኒክ 2 መንኮራኩር ተጭና መሬትን የዞረች የመጀመሪያዋ ፍጥረት መሆኗን፣ ስሟ በዓለም ላይ እንዴት እንደናኘ አስረዱን።

«ተመለሰች?» አለች የንብረት ኃላፊዋ።

ጋሼ ዝም አሉ። አልተመለሰችም። መጀመሪያውኑ መመለሻ አልተሠራላትም። በተነሣች በሰዓታት ውስጥ በሙቀት እንደሞተች የተነገረው ራሱ በ2002 ነው። «እሺ፣ የተመለሰች ከሆነ የምትፈልጉት ስትሬልካ አለችላችሁ» አሉ ጋሼ፣ ሽንፈት ሳይቀበሉ። በ1960 ከቤልካ ጋር ወጥታ በሰላም የወረደች፣ የወለደቻትን ፑሺንካን ክሩሽቼቭ ለኬኔዲ ቤት በስጦታ የላኩላት። አሥር አለቃ ስሙን በአፋቸው ሞከሩት። «ስትሬ… ስትሬል… ጋሼ፣ ይቅርታ ያርጉልኝ፣ እሱን ጠርቼ እስክጨርስ ሌባው ደብረ ዘይት ይገባል። ደግሞ የኛው ወንድ ነው።»

ወጣቱ የሒሳብ ሠራተኛ ሃቺኮን አመጣ። ልጁ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ እውነቱን ነው፣ ታሪኩ ያስለቅሳል። ፕሮፌሰር ዌኖ በ1925 ሥራ ቦታ ላይ ድንገት ሞቱ፤ ውሻቸው ግን ባቡራቸው በሚገባበት ሰዓት ሺቡያ ጣቢያ እየሄደ፣ እሱም በ1935 እስኪሞት ድረስ አሥር ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ጠበቃቸው። ሐውልቱ ሲመረቅ እንኳ እሱ ራሱ በሕይወት ቆሞ ነበር። ቢሮው ጸጥ አለ። ንብረት ክፍል ዓይኗን ጠረገች።

«ቤቱንስ?» አሉ አሥር አለቃ።

«ምን ቤት?»

«የጌታውን ቤት። እሱ ባቡር ጣቢያ ሲውል ቤቱን ማን ጠበቀለት?»

ሃቺኮ በዚህ ወደቀ።

ሹፌሩ ወደ አገር ቤት መለሰን። «ምን ጃፓን ለጃፓን ያንከራትተናል? ዳኘው በሉት። የምኒልክ የፈረስ ስም ነው፣ አባ ዳኘው።» እዚህ ላይ የሰው ኃይሏ ከደመወዝ መዝገቡ ቀና አለች። መዝገቡን ይዛ የመጣችው አስባበት ኖሯል። «ፎርክሊፍት ላይ ዳኘው የሚባል ሠራተኛ አለን። ማንም ሠራተኛ ስሙ ለውሻ ተሰጠ ብሎ ቅሬታ ቢያቀርብ እኔ ነኝ የምጠየቀው። መዝገብ ላይ ያለ ስም አይሆንም።» አሥር አለቃም አልወደዱትም። ጌቶቹ ራሳቸው በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። «ታዲያ ይኸን ለውሻ ስንሰጥ…» አሉና አልጨረሱትም። መጨረስም አላስፈለገም። በሰው ስም ውሻ መጥራት በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ፎርክሊፍት ላይ ያለው ዳኘው ያስረዳል።

እኔ ተራዬን ስጠብቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ነገር ላንሣ። አንድ የጀነሬተር መለዋወጫ የጫነ ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ቆሞብን ነበር። ፓኪንግ ሊስቱ፣ ማለትም የዕቃ ዝርዝሩ ላይ ያለው ክብደትና ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ ማለትም የመርከብ ጭነት ሰነዱ ላይ ያለው አልገጥም ብሎ። ሥራውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ላኪው ሰነድ እስኪያስተካክል ዲመሬጁ፣ የመዘግየት ክፍያው፣ ይቆጥራል፣ አንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ይልካል፣ ማኅተሙ ያለው ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል። ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅልን ትራንዚተራችን ቤቱን ረስቶ ሞጆ ከተመ። እኔ ከዚህ ኢሜይሉን፣ ባንኩን፣ የላኪውን ሌሊት የሚመጣ ስልክ ይዤ ነበር። መልቀቂያው በተፈረመበት ጠዋት ምክትሉ በላንድክሩዘሩ ደረሰ። ኮንቴይነሩ ፊት ፎቶ ተነሣ፤ መኪናው ክላክስ እያሰማ ግቢ ሲገባም ፊት ፊት ይመራ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ የምስክር ወረቀቱ ሲነበብ እንዲህ ይላል፤ «ለምክትል ሥራ አስኪያጁ እና ባልደረቦቹ»። ፍሬሙ ቢሮው ግድግዳ ላይ ነው። እኔና ትራንዚተሩ «እና ባልደረቦቹ» ነን።

«ቶጎ» አልኩ።

«አገሩ?» አለች የሰው ኃይሏ። «ኤምባሲያቸው ይቀየመናል እኮ።»

«አገሩ አይደለም፤ ውሻ ነው። ውሻውም የተሰየመው በጃፓኑ አድሚራል በቶጎ ነው፣ በ1905 የሩሲያን የባሕር ኃይል በደመሰሰው።» ጋሼ ፊታቸውን አጨማደዱ። የሰው ኃይሏ መዝገቧን ገለጥ አድርጋ «አድሚራሉ እኛ ጋ የለም» አለች። ስለዚህ ቀጠልኩ።

ለሥራ ከተናገርኩት ሁሉ እንደዚያ ቀን ተዘጋጅቼ የተናገርኩት የለም። በ1925 ክረምት አላስካ ውስጥ ኖም የምትባል ከተማ ዲፍቴሪያ የሚባል የጉሮሮ በሽታ ገባባት። መድኃኒቱ ያለው ሩቅ ነው፣ መርከብ በበረዶ ታግዷል፣ አውሮፕላን አይሞከርም። ባቡሩ ካደረሰበት ከኔናና ጀምሮ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በውሻ ጋሪ፣ 20 ነጂዎች እየተቀባበሉ በአምስት ቀን ተኩል አደረሱት። ከሁሉም ረጅሙንና አስፈሪውን መንገድ የሄደው የነጂው የሴፓላ ቡድን ነው፤ መሪ ውሻው ቶጎ። ቶጎ ያኔ 12 ዓመቱ ነው፣ ለውሻ ሽማግሌ። ለመቀበል የሄደውንና ይዞ የተመለሰውን ስትደምሩት ወደ 420 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ያውም በተሰነጣጠቀ የባሕር በረዶ ላይ። የመጨረሻዋን 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሮጠው ደግሞ ባልቶ ነበር። ከተማ የገባው እሱ፣ ፎቶ የተነሣው እሱ። ዓመቱ ሳያልቅ ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሐውልት የቆመው ለባልቶ ነው።

«የመጨረሻዋን» የምትለዋን ቃል ትንሽ ረገጥ አድርጌአታለሁ። ትራንዚተሩ ስልኩን ይነካካ የነበረው አውራ ጣቱ ቆመ። ንብረት ክፍል ጣሪያውን አየች። እኔ ምክትሉን አላየሁትም፤ ቃለ ጉባኤዬን ነው ያየሁት፣ ልቤ ግን እየደለቀ ነው።

«ቆይ» አለ ምክትሉ። «ሐውልት የቆመለት የቱ ነው?»

«ባልቶ ነው፣ ኢንጂነር።»

«እንግዲያው ባልቶ ይሁናላ! ምን ነካህ? ወዲያው ሐውልት የቆመለትን ትተን ያልቆመለትን እንሰይማለን?»

ቢሮው ውስጥ አንድም ሰው አልተነፈሰም። ከዚያ ትራንዚተሩ፣ በስብሰባ ላይ ድምፁን ሰምተን የማናውቀው ሰው፣ ከስልኩ ቀና ሳይል «ሙሉ ስሙ ‹ባልቶ እና ባልደረቦቹ› ይባል» አለ።

ሳቁ ከየት እንደጀመረ አላውቅም። ጋሼ ሻዩ ትን አላቸው፣ ሹፌሩ ግድግዳ ያዘ። ከሁላችንም በላይ የሳቀው ግን ምክትሉ ነው። ጠረጴዛውን እየደበደበ። ይኸ ሳቅ እስከ ዛሬ ያከራክረኛል። ገብቶት ከሳቀ ከማስበው በላይ ትልቅ ሰው ነው፤ ወይም ከማስበው በላይ ደንታ ቢስ ነው። ሳይገባው ከሳቀ ደግሞ ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር የቆጠርኩት ለማን ነው? ቃለ ጉባኤው ላይ «ውሻው ባልቶ ተብሎ እንዲጠራ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ። በሙሉ ድምፅ የሚለውን ያስገባው እሱ ነው፣ ሲፈርም።

የዚያን ማታ ንዴቴን ላብርድ ብዬ ስለ ባልቶ ሳነብ ነገሩ ጭራሽ ተበላሸብኝ። የሴፓላው ውሻ ነው እሱም፣ ከአንድ ግቢ። ስሙ ከሳሙኤል ባልቶ የተወሰደ ነው፤ በ1888 ከኖርዌያዊው አሳሽ ከናንሰን ጋር ግሪንላንድን ካቋረጡት አንዱ። ሐውልቱ ኒው ዮርክ ቆሞ ሳለ ውሻው ራሱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሳንቲም የሚታይ ትርኢት ሆኖ ተጎሳቁሎ ተገኘ። በ1927 የክሊቭላንድ ሕፃናት ሳይቀሩ ገንዘብ አዋጥተው ነው ያወጡት። ምን አጠፋ? ሐውልት ሥሩልኝ አላለም፤ ፎቶ አንሡኝ አላለም። ሩጥ ተባለ፣ ሮጠ። ምክትላችንን ከሱ ጋር ማወዳደሬ ለውሻው ስድብ ነበር።

ካርዱ ባልቶ ተብሎ ወጣ፤ ሳንባው መወራረድ ጀመረ። አሥር አለቃ ግን ውሻውን ባልቶ ብለው ጠርተውት አያውቁም። «የሠራውን ነው የምጠራው» አሉኝ። ጠዋትና ማታ ሳህኑን በብረት እያንኳኩ «ቶጎ!» ይሉታል፤ የሌሊት ፈረቃውም እንደሳቸው። ሁለተኛው ጆሮው የቆመውም በዚህ ስም ነው። ትራንዚተሩ በግቢው ሲያልፍ በሹክሹክታ «ቶጎ» ካለው፣ ከመጋዘኑ ማዶ እየበረረ ይመጣል።

ምክትሉ በበኩሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ባልቶ! ባልቶ!» ይላል፤ ታሪኩንም ይተርካል፣ 85 ኪሎ ሜትሩን 800 አድርጎ። ውሻው ጭራውን እንኳ አያንቀሳቅስም። አንድ ቀን ቢሮው ጠራኝ። «ይሄ ውሻ ጆሮው ችግር አለበት። ሐኪም ጋ ውሰደው።»

ወሰድኩት። ሐኪሙ ጆሮውን በመብራት አየ፣ ከኋላው አጨበጨበ፣ የብረት ሳህን ጣለ። ውሻው ሳህን ሲወድቅ ቀለብ መስሎት ሊደርስበት ሲታገል ጠረጴዛውን ሊገለብጠው ነበር። «መስማት በሚገባ ይሰማል» ተብሎ ተጻፈ፣ ማኅተም ተደረገበት፤ የሕክምናው ሒሳብ ከፔቲ ካሽ ተወራረደ።

ምክትሉ ወረቀቱን ገልብጦ ሁሉ አየው። «ከሰማ ታዲያ ሲጠራ ለምን አይመጣም?»

አሥር አለቃ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ኢንጂነር፣ ጥበቃ ላይ ሲሆን በዋዛ ጥሪ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሥራውን አክባሪ ነው።»

ምክትሉ በመስኮት አየው። ውሻው የሎው ቤዱ ተጎታች ጥላ ሥር ተጋድሞ ያንኮራፋል።

«አያችሁ?» አለ ወረቀቱ ላይ እየፈረመ። «እኔ እኮ ነኝ የመረጥኩት።»