የሆስፒታላችን የሳይበር ደህንነት ፍተሻ፦ ሪፖርቱን ለማየት የከፈልነው ዋጋ

በመንግሥት ሆስፒታል የአይሲቲ ክፍል የምትሠሩና የሳይበር ደህንነት ፍተሻ ልታስደርጉ ያሰባችሁ ባልደረቦቼ፣ ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ይህን እጽፍላችኋለሁ። የጥያቄ ደብዳቤ መጻፍ፣ የኮምፒውተሮችንና የሰርቨሮችን ዝርዝር ማዘጋጀት፣ ለመርማሪዎቹ የመግቢያ ፈቃድ ማስጨረስ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይከብድም። መርማሪዎቹም ሥራቸውን በሚገባ አከናውነዋል። የካርድ ክፍል ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ፓስወርድ እንደሚገቡ፣ ፓስወርዱም በስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ በመስኮቱ ተራ ለሚጠብቅ ታካሚ ጭምር እንደሚነበብ ገና በመጀመሪያው ጠዋት መዝግበው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ሪፖርቱ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም ተመትቶበት በታሸገ ፖስታ ወደ የበላይ መሥሪያ ቤታችን ሄደ፤ ለእኛ የደረሰን ክፍተቶች ስለተገኙ በአስቸኳይ ታርመው እንዲገለጽ የሚያዝ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ብቻ ነበር። የትኞቹ ክፍተቶች እንደሆኑ አንድም መስመር አልተጻፈበትም። ለመጠየቅ ስሄድ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ገቢ መዝገቡን ገልጣ ቁጥሩን አሳየችኝና «ልጄ፣ እዚሁ አለ፤ ግን ከኃላፊው በቀር ለማንም እንዳይሰጥ ተብሏል» አለችኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ተወካያቸው ሥልጣን የለኝም አሉ፤ የሕግ ክፍሉ ደግሞ ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ አለ። በጽሑፍ አቅርበን መልስ ስንጠብቅ የመጣልን ሌላ ደብዳቤ ሲሆን፣ የእርምት አፈጻጸማችንን በመቶኛ እንድናሳውቅ ያዝዛል። ያላየነውን ጉድለት በስንት መቶኛ እንዳረምን ልንጽፍ እንደምንችል የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ሳስበው አሁንም ያናድደኛል።

በመጨረሻ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር ራሳቸው ሄደው፣ እኔም ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሜ፣ የሪፖርቱ ቴክኒካዊ ክፍል ተሰጠን። ከሁሉ የከፋው ግኝት በላቦራቶሪ የነበረ ነው። የምርመራ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር ማይክሮሶፍት በጥር 2012 ድጋፍ ባቆመለት ዊንዶውስ 7 ይሠራል፤ አቅራቢው ለጥገና በርቀት የሚገባበት መንገድ ሌት ተቀን ክፍት ነው፤ ኔትወርኩም የታካሚዎች መዝገብ ካለበት ሰርቨር ጋር አንድ ነው። ኔትወርኩን ለመለየትና ያንን መንገድ ለመዝጋት አንድ ከሰዓት በቃን። ፖስታው መሳቢያ ውስጥ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ግን በሩ ክፍት ነበር።

በግንቦት 2009 ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የእንግሊዝን የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሲመታ የሆነው ከዚህ ይቀራረባል። ከጥቃቱ በፊት ከ236 የጤና ተቋማት 88ቱ በአካል ተፈትሸው አንዳቸውም አላለፉም፤ ፈታሹ አካል ግን እርምት የማስገደድ ሥልጣን አልነበረውም። ቫይረሱ የተጠቀመበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከማይክሮሶፍት የወጣው ጥቃቱ ሊደርስ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ነበር።

ሪፖርት ለበላይ ኃላፊ ብቻ ይሰጥ የሚለውን አሠራር አልቀበለውም። ምስጢሩ ከውጭ ሰው ይጠበቅ፤ ከሚያርመው ባለሙያ መደበቁ ግን የሚጠቅመው አጥቂውን ነው። ስለዚህ ፍተሻው ሳይጀመር፣ ቴክኒካዊው ክፍል በተጠናቀቀበት ቀን ለአይሲቲ ኃላፊው በፊርማ እንዲሰጥ በስምምነቱ ላይ አስጽፉ። መርማሪዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ በሚያደርጉት የመውጫ ስብሰባ ላይም ተገኝታችሁ እያንዳንዱን ግኝት በእጃችሁ መዝግቡ፤ ሪፖርቱ ቢዘገይ እንኳ ሥራችሁ አይቆምም። የሚከለክል ቢመጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ጥቀሱ፤ አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው ዳታዎች ስለሚመድበው ደብዳቤያችሁ ክብደት ያገኛል። በእኛ ሆስፒታል በአዲሱ የላቦራቶሪ ማሽን የግዥ ውል ረቂቅ ላይ አቅራቢው የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዲጭን፣ በርቀት ሲገባም በእኛ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን የሚያስገድድ አንቀጽ ገብቷል፤ የግዥ ክፍሉም ተቀብሎታል።