ካኑላ የገባበት ክንድ ሲሞቅ ዝም አይባልም

ደሴ ውስጥ ሜዲካል ዋርድ ነርስ ነኝ፣ እና ሁሌ የሚያንገበግበኝ ነገር ቢኖር በሽተኛው የመጣበት ህመም እየተሻለው እያለ በካኑላ፣ ማለትም ደም ስር ውስጥ በምትገባው ቀጭን ቱቦ፣ ግሉኮስ የተሰቀለበት ክንዱ ማመርቀዙ ነው። እኛ በብብት ቴርሞሜትር ለክተን 38 አልደረሰም ብለን እናልፋለን፣ 38 ሲያልፍ ግን ጀርሙ ከቆዳው አልፎ ደም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል እኮ። ስለዚህ የሰውየውን ትኩሳት ብቻ ሳይሆን ካኑላው ዙሪያ ያለውን ቆዳም እንለካ ነው የምለው፣ ከሌላኛው ክንድ ጋር እያስተያየን።

ለምን መሰላችሁ፣ ስንማር የብግነት ምልክት መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅና ህመም ነው ተብለን ነው፣ ግን መጽሐፍ ላይ ያለው ፎቶ በአብዛኛው የፈረንጅ ክንድ ነው፣ ቀዩ መስመር ከሩቅ ይታያል። የኛ ሰው ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፣ ሲታይም ዘግይቶ ነው። ሙቀት ግን ጠይም ነው ቀይ ዳማ ነው አይልም። ቦታው ሲቆጣ ደም ወደዛ ይበዛል፣ ቆዳው ይሞቃል፣ በቃ።

ከቆዳ የሚወጣውን ሙቀት በኢንፍራሬድ ካሜራ አይቶ የካቴተር (እንደ ካኑላ ያለ ሰውነት ውስጥ የሚገባ ቱቦ) ኢንፌክሽንን ቶሎ ለመለየት ውጭ አገር ጥናት ይሰራል። እኛ ጋ ካሜራው የለም፣ ግን በ2012 ኮሮና ሲገባ ግንባር ላይ የምንደቅነው ቴርሞሜትር አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። ብዙዎቹ ሁለት ሞድ አላቸው፣ የሰውነት የሚለው ላይ ካደረጋችሁት ቁጥሩን ራሱ አስልቶ ከፍ ያደርገዋል፣ ለዚህ ስራ የሚሆነው ሰርፌስ የሚለው ነው፣ ያገኘውን እንዳለ ያሳያችኋል።

ባለፈው አንዲት እናት ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል፣ ክንዳቸው ላይ ምንም አይታይም፣ አላበጠም፣ "ደህና ነኝ ልጄ" ይላሉ። በእጄ ጀርባ ሁለቱንም ክንድ ነካሁ፣ ቀኙ ይሞቃል። ሁለቱንም ክንድ ከጋቢው አውጥቼ ትንሽ ቆይቼ ለካሁ፣ ግራው 31.8 ቀኙ 34.1። ፕላስተሩን ላጥ አድርጌ ካኑላውን ስነቅለው ቀዳዳው ላይ ጠብ የምትል መግል ወጣች። አብሽሪ እማማ ብዬ በሌላኛው ክንድ አዲስ ላይን ከፈትኩላቸውና ለሐኪሙ ነገርኩ።

ከጋቢ ማውጣቱን ቀላል ነገር አታድርጉት። የደሴ ጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ እጅ ውጭ ካደረ ይቀዘቅዛል፣ ጋቢ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ አንዱ ውስጥ አንዱ ውጭ ከሆነ ልዩነቱ የብርዱ ነው የሚሆነው። ሀረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ደግሞ የሁሉም ሰው ቆዳ ሞቅ ይላል። ለዛ ነው አንድ ቁጥር ይዞ ከዚህ በላይ ኢንፌክሽን ነው ማለት የማይሆነው፣ የግራና የቀኝ ልዩነት ነው ወሳኙ፣ ያውም ትክክል አንድ አይነት ቦታ ላይ ተለክቶ። ለስኳር ታማሚዎች እግር 2.2 ዲግሪ ልዩነት እንደ ማስጠንቀቂያ ይወሰዳል፣ ያ ግን ለእግር የወጣ ነው፣ ክንድ ላይ እንዳለ አትገልብጡት።

አብጦ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ፈሳሹ ከደም ስሩ ወጥቶ ስጋ ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው፣ ቶሎ ዝጉት። ሞቆ የተገኘ ሁሉም ኢንፌክሽን አይደለም፣ መድሃኒቱ ራሱ ደም ስሩን አቃጥሎት ይሆናል፣ ግን በሁለቱም ቢሆን ያ ካኑላ እዛ መቆየት የለበትም። አንገት ወይ ደረት ላይ የሚገባው ሴንትራል ላይን ላይ ግን ቆዳው አልሞቀም ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ደም ውስጥ ኢንፌክሽን እያለ ላዩ ንፁህ ሊሆን ይችላል፣ እሱን የሚለየው ብለድ ካልቸር ነው፣ ደም ተወስዶ ጀርም ይበቅልበት እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ።

አስታማሚዎችም ብትሆኑ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ፕላስተሩን ሳትነኩ፣ ከሱ ከፍ ብሎ ያለውን ቆዳ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት፣ ሌላኛውንም እንደዛው። ከሞቀ ወይ ሲነካ ካመመው ተረኛዋን ሲስተር ቀስቅሷት፣ እስኪነጋ ብላችሁ አትተዉት።