የተራራ ልብስ ማማሩስ? እስካሁን የገባኝ

አብረውኝ በእግር በሚጓዙት ጓደኞቼ መሃል የማያልቅ ክርክር አለ። የተራራ ልብስ ሲገዛ ማማሩ ይቆጠራል ወይስ ማሞቁ ብቻ ይበቃል? ከደብረ ብርሃን ተነስቼ መንዝና አንኮበር መውጣት ከጀመርኩ ወዲህ የኔ ሐሳብ እየጠራ መጥቷል። ማማሩ በደንብ ይቆጠራል። የማትወዱትን ጃኬት ቤት ትታችሁት ትወጣላችኋል፤ ብርዱ ደግሞ አይጠብቅም።

ግን ቅደም ተከተል አለው። መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጠዋት ውርጭ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ፊት ይልጣል፣ ከዚያ ሳይታሰብ ጉም ይወርዳል። ጂንስ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ዝናብ ከመታው ግን ጥጡ ውሃውን ይዞ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም፣ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ ሰልባጅ ተራ ስዞር ጃኬቱን መጀመሪያ ገልብጬ ነው የማየው። ስፌቱ ከውስጥ በቴፕ ተሸፍኗል? ኮፍያው ይጠብቃል? ይህን ካለፈ በኋላ ዓይኔ የወደደውን አነሳለሁ። ጫማ ላይ ግን ሶሉን እንጂ መልኩን አላይም።

ቀለም ራሱ ሥራ አለው። ጉም ውስጥ ብርቱካናማ የለበሰ ጓደኛ ከሩቅ ይታያል፣ የሣር ቀለም የለበሰው ይጠፋል። «ደማቅ ከለበስን ቀይ ቀበሮ አናይም» የሚሉ አሉ። ውሻ ቀይና አረንጓዴን አጥርቶ አይለይም፤ ቀይ ቀበሮም የውሻ ወገን ነው። እኔ ከቀለሙ ይልቅ እንቅስቃሴያችንና ጫጫታችን ያስበረግገዋል ባይ ነኝ። ጭላዳ ግን እንደኛው ቀለም ያያል።

እስካሁን ካየሁት ሁሉ የሚያምረኝ የመንዝ በርኖስ ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የተሠራ። ሱፍ ቢረጥብም እንደ ጥጥ ሙቀቱን አይለቅም፣ እዚያ ብርድ ውስጥ የሚያድሩ እረኞች ይህን ከኛ በፊት ያውቁታል። እንዲህ ማማርና መሥራት አንድ ላይ ሲገጥሙ ደስ ይለኛል። ችግሩ ቦርሳ ከላዩ ለመሸከም አይመችም፤ ስለዚህ ለጊዜው ድንኳን ከተተከለ በኋላ ማታ ማታ ነው የምደርበው። በርኖስ ለብሳችሁ በክረምት ረጅም መንገድ የሄዳችሁ ካላችሁ እንዴት እንደሆነላችሁ ንገሩኝ።