«ቁጥሩማ ያው ነው፤ ዓመቱ ነው የተለወጠው»

ከባሕር ዳር ቅርንጫፍ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከወለደች ሁለት ወር ስለሞላት ወደ ሥራ እንድትመለስ ታዝዛለች፤ እሷ ደግሞ አንድ ወር ይቀረኛል ብላለች፤ የሕግ ክፍሉ ይወስንልን። የተያያዘው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ብሎ ኢንተርኔት ላይ ለሚፈልግ ሰው ይሄ አሮጌው ቶሎ ይገኝለታል፤ ብዙ ዓመት ስለሠራ በየቦታው ተጭኗል። የተሻረ ሕግ ደግሞ ግንባሩ ላይ «ተሽሬአለሁ» ብሎ አይጽፍም።

መለስንላቸው፦ የሚሠራው 1156/2011 ነው፣ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፣ ሴትዮዋ ትክክል ናት።

በሦስተኛው ቀን የቅርንጫፉ አስተዳደር ኃላፊ ደወሉ።

«ልጄ፣ የላክህልኝ አዋጅ ተሽሯል።»

«በምን ተሻረ ጋሼ?»

«በ1156/2019። አትሜ ይዤዋለሁ። አንተ የላክኸው የ2011ዱን ነው።»

«እስቲ ቁጥሩን ይዩልኝ፤ ሁለቱም 1156 ነው።»

«ቁጥሩማ ያው ነው፤ ዓመቱ ነው የተለወጠው!»

ስልኩን በእጄ አፍኜ ሳቅሁ። ያተሙት አንድ ሰው አዋጅ ከሚታተምበት ከነጋሪት ጋዜጣ የእንግሊዝኛውን ዓምድ ብቻ ነጥሎ የጫነውን ነው። ጋዜጣው ላይ ግራው አማርኛ በእኛ አቆጣጠር፣ ቀኙ እንግሊዝኛ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። የፌዴራል አዋጅ ቁጥር ከ1987 ጀምሮ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ አዲስ አዋጅ የአሮጌውን ቁጥር አይወርስም። ደንብ ለብቻው ይቆጠራል፣ ክልሎችም የየራሳቸው ቆጠራ አላቸው። ሁለቱ ቋንቋ ከተለያየ የሚጸናው አማርኛው መሆኑን አዋጅ 3/1987 ራሱ ይናገራል። ይህን ሁሉ በስልክ ዘረዘርሁላቸው።

«እሺ፣ የክልላችንስ?» አሉ። ለካስ አንዱን ባለሙያ የክልሉን የሕግ ጋዜጣ፣ ዝክረ ሕግን፣ እያገላበጠ እንዲፈልግ አስቀምጠውት ሰንብተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(3) ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሰጠ ስለሆነ እዚያ ዓመት ቢፈልግም አያገኘውም። የገጠር መሬት ቢሆን ነገሩ ይገለበጣል፦ የፌዴራሉን ብቻ ይዞ መሄድ ግማሽ መንገድ ነው፣ የክልሉ 252/2009 ካልተነበበ አይሆንም።

ባለሙያው ደግሞ «ሠራተኛ» ብሎ እየጻፈ ነበር የሚፈልገው። ብዙው ፋይል ስካን ስለሆነ ለኮምፒውተሩ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ጽሑፍ የሆነውም በጥንቱ ፎንት የተተየበ ከሆነ ኮፒ ሲደረግ ጉራማይሌ ምልክት ይወጣል። ይሄን ሁሉ ያለፈ ፋይል ቢገኝ እንኳ «ሰራተኛ» ብሎ የጻፈውን በ«ሠ» አያገኙትም። ስለዚህ በዓይን ነው፦ መጀመሪያ ማውጫው፣ ቀጥሎ ዘለው ወደ መጨረሻዎቹ አንቀጾች። ጋሼን የ1156ን መጨረሻ እንዲገልጡ አደረግኋቸው። 377/1996 ከነማሻሻያዎቹ፣ ከ466/1997፣ ከ494/1998ና ከ632/2001 ጋር መሻሩ ተጽፏል። ረጅም ዝምታ ሆነ። ቁጥሩ ባዶ የተተወ ፋይል ካገኙ ደግሞ ረቂቅ ነውና አይያዙት አልኋቸው፤ በቴሌግራም የሚዞረው አብዛኛው እሱ ነው።

(በዚህ ሁሉ ክርክር መሐል ሴትዮዋ ሕፃኑን ለጎረቤት እየተወች ቢሮ ስትመላለስ ነበር። ይሄን ማንም በደብዳቤ አልጻፈውም።)

ስልኩን ልዘጋ ስል ግን አንድ ነገር ጨመርሁ። «ለማንኛውም ጋሼ፣ እንግሊዝኛ ካገኙ ከዓመቱ ላይ 8 ይቀንሱ።» «8» እያሉ ሲጽፉ ይሰማኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። ከፌዴራል መሥሪያ ቤት የተዛወረ ሠራተኛ የቀድሞ ማኅደሩን ሲያጣሩ የመንግሥት ሠራተኞችን አዋጅ 1064/2017 በእንግሊዝኛ ያገኛሉ፣ በተሰጣቸው ቀመር 1064/2009 ብለው አማርኛውን ይፈልጋሉ፣ የለም። አይኖርም፤ 1064/2010 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ የወጣ ሕግ ላይ የሚቀነሰው 7 ነው። 1156 ራሱ ነሐሴ 30 ቀን ስለወጣ እንጂ ጳጉሜንን ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ 1156/2012 ይባል ነበር፣ እኔም ያን ቀን 7 ብዬ እነግራቸው ነበር።

የደብዳቤው መጨረሻ እንዲህ ይላል፦ «የሕግ ክፍሉ የሰጠን ቀመር የማይሠራባቸው ወራት ካሉ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።» ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጁ።